የሻይ ቅጠሎችን ጎን ለጎን ቀምሶ ለማወዳደር

በመሃል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ አደባባይ፣ በየሻይ ቤቱ በብርጭቆ የሚቀርበው ሻይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምሰው ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱንና ስኳሩን ነው፤ ቅጠሉ ራሱ ቀለምና ጥቂት ምሬት ከመስጠት ያለፈ ድርሻ የለውም። ይህ እንደ ጉድለት የሚቆጠር አይደለም፤ ሻይ በቅመም የራሱ ወግ ያለው መጠጥ ነው። ነገር ግን በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የአገር ውስጡን፣ የኬንያውን፣ የሲሪላንካውንና የቻይናውን የሻይ ቅጠል ተደርድሮ ያየ ሰው፣ በዋጋ የሚራራቁት ቅጠሎች በእርግጥ በጣዕምም ይራራቁ እንደሆነ ለማወቅ ቢፈልግ፣ ቅመሙንና ስኳሩን ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ ቅጠሉን ብቻውን መቅመስ ይኖርበታል። ለዚህ ሥራ ውድ ዕቃም ሆነ ልዩ ሥልጠና አያስፈልግም፤ ጥብቅ መሆን ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከቅጠሉ በቀር ሌላው ሁሉ፣ ማለትም የውሃው መጠንና ዓይነት፣ ሙቀቱ፣ ጊዜውና ዕቃው እኩል ካልሆነ፣ የተወዳደረው ሻዩ ሳይሆን አፈላሉ ነው።

ምን ከምን ጋር ይወዳደር?

ጦስኝ፣ ከርከዴ ወይም ዝንጅብል አፍልተን ሻይ ብንላቸውም ከሻይ ተክል የሚገኙ ስላልሆኑ በዚህ ውድድር ውስጥ አይገቡም። ጥቁሩም፣ አረንጓዴውም፣ ነጩም፣ ኡሎንግ የሚባለውም ሻይ ግን ሁሉም የሚለቀሙት ካሜሊያ ሲኔንሲስ ከተባለው አንድ ተክል ነው። የሚለያቸው በዋነኛነት ከተለቀሙ በኋላ የሚደርስባቸው ነገር ነው። ለጥቁር ሻይ ቅጠሉ እንዲጠወልግ ይደረጋል፤ ከዚያ ይታሻል ወይም ይደቃል፤ አየር ሲያገኘው በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ከኦክስጅን ጋር ተዋህደው መልኩንና ጣዕሙን ይለውጡታል፤ በመጨረሻም ይደርቃል። ለአረንጓዴ ሻይ በአንጻሩ ቅጠሉ ገና ከጅምሩ ሙቀት ስለሚያገኘው ይህ ለውጥ አይካሄድም፤ ቻይናዎች በአብዛኛው በጋለ ብረት ምጣድ፣ ጃፓኖች በእንፋሎት ያሞቁታል፣ ልዩነቱም ጽዋው ውስጥ በግልጽ ይታወቃል። ኡሎንግ በሁለቱ መካከል ያለ ሲሆን፣ ነጩ ሻይ ብዙ ሳይነካካ ጠውልጎ የሚደርቅ ነው። ከቻይናዋ የዩናን ግዛት የሚመጣው ፑኤር ደግሞ ከደረቀ በኋላ የሚብላላና በዕድሜ የሚለወጥ በመሆኑ ራሱን የቻለ ወገን ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የሚሰጠው ምክር አንድ ወገን የሆኑትን እርስ በርሳቸው ማወዳደር ነው። ጥቁርን ከአረንጓዴ ጋር በአንድ ገበታ ማቅረብ ለትውውቅ ይጠቅም ይሆናል እንጂ የትኛው የተሻለ ቅጠል እንደሆነ አይናገርም፤ ሁለቱ የሚፈልጉት ሙቀትና ጊዜ ስለሚለያይ ለአንዱ የሚስማማው አፈላል ሌላውን ያበላሸዋል።

በጥቁር ሻይ ውስጥም ሌላ ክፍፍል አለ። ከእኛ ሱቆች የምንገዛው የሻይ ቅጠል አብዛኛው እንደ ደቃቅ ጥራጥሬ የተድቦለቦለ ነው። ይህ ሲቲሲ በሚባለው ዘዴ፣ ጥርስ ባላቸው ተሽከርካሪ ብረቶች መካከል ተጨፍልቆ፣ ተቀዶና ተድቦልቡሎ የተሠራ ሲሆን፣ ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1930 በሕንድ አሳም የተጀመረ ነው። ሌላው ኦርቶዶክስ የሚባለው ነባሩ አሠራር ሲሆን፣ ቅጠሉ ሳይደቅ እየታሸ ስለሚጠቀለል ቀጭን ጥምዝ ጭራሮ መስሎ ይታያል። ድቡልቡሉ ቶሎ ይወጣል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ኃይሉ ያይላል፤ ጥምዙ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ መዓዛውም በርከት ያለ ነው። በማሸጊያ ላይ የሚታዩት እንደ ቢኦፒ፣ ኦፒ ወይም ፒኤፍ ዋን ያሉ ምልክቶች በመሠረቱ የቅጠሉን መጠንና ቅርጽ የሚነግሩ እንጂ የጣዕም ማዕረግ አይደሉም፤ ሻጩ በእነሱ ላይ ተመሥርቶ ዋጋ ሲቆልል ቀምሶ መፍረዱ የገዢው ፈንታ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ሦስት ጥቁር ሻዮችን ቢመርጥ ጥሩ ነው፦ አንድ የአገር ውስጥ፣ አንድ የኬንያ፣ አንድ ደግሞ ቅጠሉ ያልደቀቀ የሲሪላንካ ወይም የሕንድ። የአገር ውስጡ ሻይ የሚመጣው ከደቡብ ምዕራቡ ዝናባማ ደጋ ሲሆን፣ በካፋ ቦንጋ አጠገብ ያለው ውሽውሽና በኢሉባቦር ጎሬ አጠገብ ያለው ጉማሮ የታወቁት እርሻዎች ናቸው። የሲሪላንካን ሻይ የሚገዛ ሰው ማሸጊያው ላይ የበቀለበትን ከፍታ ይፈልግ፤ በዚያ አገር ከ1,200 ሜትር በላይ የበቀለው የደጋ፣ ከ600 ሜትር በታች ያለው የቆላ ሻይ ተብሎ ይለያል፤ የደጋው ፈካ ያለ ቀለምና የአበባ መዓዛ ሲኖረው፣ የቆላው ጠቆር ያለና ወፈር ያለ ነው። ከአምስት በላይ ሻይ በአንድ ጊዜ መደርደር አይመከርም፤ ምላስ ይደክማል፣ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው አስተያየት ሁሉ ግምት ይሆናል።

ግዢ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይበቃል። የሻይ ቅጠል የጎረቤቱን ሽታ በቀላሉ ይስባል፤ ስለዚህ በመርካቶ ቅመም ተራ ከበርበሬና ከኮረሪማ አጠገብ ከተከፈተ ጆንያ የተመዘነ ሻይ ለቤት ፍጆታ ምንም ባይል እንኳ ለውድድር አይሆንም፤ የታሸገውን መግዛት ይሻላል። ሁለተኛው የተመረተበት ጊዜ ነው። በአገር ውስጥ ምርት ላይ ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ሊጻፍ ስለሚችል፣ ከውጭ የመጣው ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ፣ ሁለቱን ሳያስተካክሉ የሚያነጻጽሩ ሰዎች ትኩሱን ሻይ ሰባት ዓመት ያረጀ ያደርጉታል። በተለይ አረንጓዴ ሻይ ከዓመት በላይ ከቆየ ትኩስነቱን ያጣል።

ውሃውና የከተማዋ ከፍታ

አንድ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ካልታወቀ ሻዩም አይታወቅም። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚመጣ ነው። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ በአብዛኛው ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን የሚበዛበት ስለሆነ፣ በአንዱ ሰፈር የተፈላ ሻይ በሌላው ሰፈር ከተፈላው ጋር ላይመሳሰል ይችላል። ማዕድን የበዛበት ውሃ የሻዩን ቀለም ያደበዝዛል፣ መዓዛውን ያፍናል፣ ላዩ ላይም በማንኪያ ሲነኩት እንደ ቅርፊት የሚሰነጣጠቅ ስስ ሽፋን ይሠራል። ማንቆርቆሪያዎ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ውሃዎ ከዚህ ወገን ነው። ክሎሪን የሚሸት የቧንቧ ውሃ በሰፊ ዕቃ ሳይከደን ቢያድር ሽታው ይቀንሳል። የታሸገ ውሃ የሚጠቀም ሰው ደግሞ መለያው ላይ ከተጻፉት የማዕድን መጠኖች ዝቅተኛውን ይምረጥ፤ አምቦ ውሃና የመሳሰሉት ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆኑም። ከሁሉ በላይ ግን ውድድሩ ከአንድ ማንቆርቆሪያ በተቀዳ አንድ ዓይነት ውሃ መካሄድ አለበት፤ ውሃው እኩል እስከሆነ ድረስ የሻዮቹ ልዩነት በመጠኑም ቢሆን ራሱን ይገልጣል።

ከዚህ ቀጥሎ በአዲስ አበባ ለሚቀምስ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ የውሃው የመፍያ ሙቀት ነው። በባሕር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ ከፍታው በየ300 ሜትሩ በጨመረ ቁጥር የመፍያው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞሜትር አስገብቶ ይህን ያነበበ ሰው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ አይጣለው። ዲግሪ የሚመረጥባቸው አንዳንድ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያዎችም 100 ላይ ከተስተካከሉ የማይደረስበትን ሙቀት ሲጠብቁ ውሃውን ያለማቋረጥ ያንተከትካሉ፤ 90 ላይ ማስተካከል ይሻላል።

ይህ ለሻይ ምን ማለት ነው? በማሸጊያ ላይ “በ100 ዲግሪ ውሃ ሦስት ደቂቃ” የሚለው መመሪያ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው፤ እዚህ በዚያው ደቂቃ የተዘፈዘፈ ጥቁር ሻይ ሳስቶ ይወጣል፤ ምክንያቱም ቀለምና ኃይል የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ሙቀቱ ዝቅ ሲል ከቅጠሉ የሚወጡት በዝግታ ነው። ለመጠጥ ሲሆን አንድ ደቂቃ፣ ቅጠሉ ሙሉ ከሆነ እስከ ሁለት ደቂቃ መጨመር ጉድለቱን በአብዛኛው ያካክሰዋል። ቅጠል በመጨመር ማካካስም ይቻላል፤ እኔ ግን ጊዜ መጨመሩን እመርጣለሁ፤ ቅጠሉ ሲበዛ አፍ የመያዝ፣ ማለትም አፍን የማኮማተር ባሕርዩ ከመዓዛው ቀድሞ ይጎላል። አረንጓዴ ሻይ ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ስለሚበቃው ከፍታው አይጎዳውም፤ እንዲያውም የፈላ ውሃ በቸኮለ እጅ ቢፈስበት የሚደርስበት ምሬት እዚህ ከባሕር ዳር ያነሰ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው የፈላውን ውሃ በቀዝቃዛ ሸክላ ወይም ብርጭቆ ዕቃ ገልብጦ፣ ትንሽ አቆይቶ፣ እንደገና ወደ ሌላ ዕቃ ቢገለብጠው በግምት ወደዚያ ሙቀት ይወርድለታል። ዋናው ነገር አገላበጡ ለሁሉም ሻይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

ውሃው አንድ ጊዜ እንደፈላ መቀዳት አለበት። ሲንተከተክ የዋለ ውሃ አየሩን ስለሚያጣና ማዕድኑ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ሻዩን ሕይወት አልባ ያደርገዋል የሚለው የቀማሾች አባባል የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም አዲስ ውሃ ማፍላት የሚያስከፍለው ነገር ስለሌለ ልማዱን መከተል አይከፋም።

ዕቃና ልኬት

የሻይ ቀማሾች የሚሠሩበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ። አይኤስኦ 3103 ተብሎ የሚታወቀውና መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ይህ ደረጃ ለ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ ለስድስት ደቂቃ እንዲዘፈዘፍ ያዝዛል። ስድስት ደቂቃ ለመጠጥ ይበዛል፤ ሆን ተብሎም ነው፤ ዓላማው ሻዩን ማጣፈጥ ሳይሆን ጉድለቱን ገልጦ ማሳየት ነው። በልክ ሲፈላ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ሁለት ሻዮች በስድስት ደቂቃ ውስጥ ማንነታቸውን ያወጣሉ። ጥቁር ሻዮችን ለማወዳደር ይህን ደረጃ እንዳለ መውሰድ ይቻላል፤ ለአረንጓዴ ግን ውሃውን ከላይ እንደተባለው አብርዶ ሦስት ደቂቃ ማቆየት የተሻለ ፍርድ ይሰጣል።

ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙባቸው ጥርስ ያላቸው ነጭ ማሰሮዎች ባይገኙም ቤት ውስጥ ያለው ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሻይ አንድ ዓይነት መጠን ያለው ነጭ ኩባያና መክደኛ የሚሆን ማስቀመጫ ሳህን ያዘጋጁ፤ ለመቅመሻ የቡና ሲኒ ተስማሚ ነው፤ ነጭና ትንሽ በመሆኑ ቀለሙን ሳይደብቅ ያሳያል፣ ሻዩም ቶሎ ለመቀመስ ወደሚመች ሙቀት ይወርዳል። ሥዕልና ወርቃማ ጠርዝ ያለውን ሲኒ ግን ለእንግዳ ይተዉት፤ ቀለም ያደናግራል። ብርጭቆም ቢሆን ከኋላው ያለውን ነገር ቀለም ስለሚያሳይ ለማነጻጸር አይመችም። ከዚህ በተጨማሪ ማጥለያ፣ ሰዓት፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ባዶ ጣሳና ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል።

ሚዛኑን ቸል ማለት አይገባም። በማንኪያ መለካት የለመደ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ድቡልቡል ሻይና አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ቅጠል ሻይ እኩል ይመስሉታል፤ ሲመዘኑ ግን የመጀመሪያው ከሁለተኛው እጥፍና ከዚያ በላይ ሊከብድ ይችላል። ሁለቱን በማንኪያ ለክቶ ያወዳደረ ሰው “የአገር ውስጡ ይበረታል፣ የውጭው ይሳሳል” ቢል፣ የተናገረው ስለ ማንኪያው ነው። ኩባያው ስንት እንደሚይዝም በዚያው ሚዛን ይታወቃል፤ አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ስለሚመዝን፣ ኩባያውን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ዜሮ ማድረግና ውሃ መሙላት ብቻ ነው። 150 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነ 3 ግራም ቅጠል ይገባዋል።

ቅምሻው

ጊዜው ከቁርስ በኋላ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ያኔ አፍ ንጹሕ ነው፣ ሆድም አልራበም። ከመቅመስ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥና የጥርስ ሳሙና መራቅ አለባቸው። ቡና በሚቆላበት ወይም እጣን በሚጤስበት ክፍል ውስጥ ሻይ ለመቅመስ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ሽቶ የተቀባ ቀማሽም የጎረቤቱን ሥራ ያበላሻል። የተፈጥሮ ብርሃን የሚገባበት መስኮት አጠገብ መቀመጥ ለቀለም ፍርድ ይረዳል።

በመጀመሪያ ደረቁን ቅጠል ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው ይመልከቱ። መጠኑ እኩል ነው ወይስ ብናኝና ጭራሮ የተቀላቀለበት? ቀላ ያሉ የግንድ ስንጥሮች ይታያሉ? ጥቂት ወርቃማ ጫፎች መኖራቸው ከገና ያልተከፈተ እንቡጥ መለቀሙን ያመለክታል። ከዚያ እፍኝ የሚሞላውን ያህል በጡጫ ይዞ፣ በሞቀ ትንፋሽ እፍ ብሎበት ማሽተት ነው፤ ሻጋታ፣ ጭስ ወይም ያደረ ካርቶን የሚሸት ቅጠል እዚሁ ይጋለጣል። ተጨማሪ ቀለም የተጨመረበት ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ትንሽ ቅጠል በረጠበ ነጭ ሶፍት ላይ ለጥቂት ጊዜ ያስቀምጥ፤ ወዲያው የሚተላለፍ ደማቅ ቀለም ጥርጣሬውን ያጠናክራል።

ቀጥሎ ኩባያዎቹ በፈላ ውሃ ይሙቁ፤ በእኛ 92 ዲግሪ ላይ ቀዝቃዛ ሸክላ ሌላ ጥቂት ዲግሪ ቢሰርቅ ጉዳቱ ይታያል። ውሃውን ደፍቶ የተመዘነውን ቅጠል ጨምሮ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የፈላውን ውሃ ማፍሰስና ወዲያው መክደን ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው በአንዱና በሚቀጥለው መካከል 30 ሰከንድ ያሳልፍ፤ ሲያጠልም በዚያው ቅደም ተከተልና በዚያው ልዩነት ያጥልል። እንዲህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ሻይ ሁልጊዜ ከመጨረሻው አብልጦ እንደበረታ ይቀራል።

ሻዩ ወደ ሲኒው ከተጠለለ በኋላ ከመቅመስ በፊት ኩባያው ውስጥ የቀረውን ትኩስ ቅጠል ያሽትቱ። የሻይ መዓዛ እንደዚህች ቅጽበት የሚገለጥበት ጊዜ የለም፤ የተቆላ ገብስ፣ ማር፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የታጨደ ሣር ወይም የእንጨት ሽታ ተለይቶ ይታወቃል፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ግን ሁሉም እየተመሳሰለ ይሄዳል። ከዚያ ቅጠሉን በመክደኛው ሳህን ላይ ገልብጠው በጣት ይበትኑት። ድቡልቡሉ ሻይ እርጥብ አፈር መስሎ ይዘረጋል፤ ሊታይ የሚችለው የቀለሙ እኩልነት ብቻ ነው፤ ደመቅ ያለ የመዳብ ቀለም መልካም አሠራርን፣ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ወይም የደበዘዘ ቡናማ በአየርና በሙቀት በኩል የተጓደለ ሥራን ያመለክታል። በኦርቶዶክስ ዘዴ የተሠራው ግን ቀስ እያለ ተፈትቶ የራሱን ታሪክ ያሳያል። ጥሩ ለቀማ ከሆነ በአንድ ቀጭን አንጓ ላይ የተያያዙ አንድ እንቡጥና ሁለት ለጋ ቅጠሎች ሊገኙ ይችላሉ፤ ዳራቸው ላይ ያለው የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ቅርጽ ሳይቀር ይቆጠራል። በጣት ሲያሹት እንደ ቆዳ የሚጠጥር ትልቅ ቅጠል ከበዛበት ለቀማው ያረጀ ነው።

አሁን ወደ ሲኒው። ሻዩ ከንፈር እስከማያቃጥልበት ድረስ ይጠበቃል፤ ያንን ያህል የሞቀ ነገር ምላስን ያደነዝዛል። ከዚያ አንድ ማንኪያ ሻይ በኃይል፣ ከአየር ጋር፣ ድምፅ እያሰሙ መሳብ ነው። በማዕድ ፊት ነውር የሆነው ፉጨት እዚህ ግዴታ ነው፤ አየሩ ሻዩን በትኖ መዓዛውን ከጉሮሮ በስተኋላ ወደ አፍንጫ ያደርሰዋል፣ እኛ ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው የሚታወቀውም በዚያ በኩል ነው። አፍንጫን ይዞ አንድ ጊዜ ቀምሶ ከዚያ መልቀቅ ይህን ወዲያው ያሳምናል። ሻዩን በአፍ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ አገላብጦ ወደ ጣሳው መትፋት ይቻላል፤ በርካታ ሻይ የሚቀምስ ሰው ካልተፋ ካፌይኑ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሣዋል።

በአፍ ውስጥ የሚፈለጉትን ነገሮች ለይቶ ማወቅ የጀማሪው ዋና ሥራ ነው፤ በተለይ ምሬትንና አፍ መያዝን። ምሬት ምላስ የሚያውቀው ጣዕም ነው። አፍ መያዝ ግን ጣዕም ሳይሆን የመዳሰስ ስሜት ነው፤ በሻዩ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የተባሉት ንጥረ ነገሮች ከምራቅ ፕሮቲን ጋር ሲጣበቁ የሚፈጠር ሲሆን፣ ያልበሰለ ሙዝ የበላ ሰው ጉንጩ ውስጥ የሚሰማውን ዓይነት መኮማተር ነው። ጥሩ ጥቁር ሻይ ይይዛል ግን አይመርም፤ ይዞም ወዲያው ይለቃል፣ አፍንም ንጹሕ አድርጎ ይተዋል። መጥፎው ይመራል፣ ይይዛል፣ አይለቅምም። ሁለቱን ያደባለቀ ቀማሽ “ጠንካራ” በሚል አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ሻዮችን ያመሰግናል። ከዚህ ሌላ ሻዩ በአፍ ውስጥ ወፍራም ነው ወይስ እንደ ውሃ ቀጭን፣ ከተተፋ በኋላ የሚቀረው ጣዕም ምን ያህል ይቆያል፣ ጣፋጭነት ይተዋል ወይስ ድርቀት የሚሉት ይታያሉ። በአረንጓዴ ሻይ በኩል፣ በተለይ በጃፓኑ፣ ቴያኒን የተባለው ንጥረ ነገር የሾርባ ዓይነት ጥፍጥና ይሰጣል፤ ይህ ስሜት ሻይ ላይ ይገኛል ብሎ ላልጠበቀ ሰው መጀመሪያ ላይ እንግዳ ይሆናል።

ጉድለቶችም መለያ አላቸው። ጥቁር ሻይ ሣር ሣር ካለ አየር በበቂ አላገኘም ወይም በደንብ አልጠወለገም ማለት ነው። የተቃጠለ ዳቦ ጣዕም በማድረቂያው ላይ ሙቀት መብዛቱን ይናገራል። የጭስ ሽታ ጉድለት ነው፤ በፉጅያን ግዛት በጥድ ጭስ የሚታጠነው ላፕሳንግ ሱሾንግ ሲሆን ግን ባሕርዩ ነው። ምንም ጉድለት ሳይኖረው ምንም የማይናገር፣ ባዶ የሆነ ሻይ ብዙውን ጊዜ ያረጀ ወይም እርጥበት የገባበት ነው።

ሻዩ ሲበርድ አንድ ተጨማሪ ምስክር ይገኛል። አንዳንድ ጥቁር ሻዮች ሲቀዘቅዙ ወተት ጠብ ያለባቸው ይመስል ይደፈርሳሉ። ቀለም የሚሰጡት ቴያፍላቪንና ቴያሩቢጂን የተባሉት ንጥረ ነገሮች ከካፌይን ጋር ተያይዘው ከውሃው ሲለዩ የሚታይ ነው፤ ቀማሾች በእነዚህ የበለጸገ ሻይ ምልክት አድርገው ይወስዱታል። ብዙ ሰው የደፈረሰውን “ተበላሽቷል” ብሎ ስለሚደፋው እንጂ ሲሞቅ ተመልሶ ይጠራል።

ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፉ ለብ ያለ ውሃ መጉመጥመጥና ጨው የሌለበት ዳቦ መቅመስ ምላስን ያድሳል። ቅምሻው ከቀላሉ ወደ ብርቱው ቢሄድ ይመረጣል፤ ሲጨርሱ ግን ተመልሰው በተቃራኒው ይቅመሱ፤ ከብርቱ ሻይ ቀጥሎ የመጣ ሁሉ ቀጭን ስለሚመስል ቅደም ተከተሉ ራሱ ፍርድን ያዛባል። ማስታወሻው በራስ ቃል ይጻፍ። በሻጮች መግለጫ ላይ የሚነበቡትን የፍራፍሬ ስሞች ከመዋስ፣ “የእናቴ ቤት የጤፍ ጎተራ ይሸታል” ብሎ መጻፍ ከወር በኋላ ሲነበብ የበለጠ ያስታውሳል።

ዓይን ሳያይ

የዋጋውን ወረቀት ያየ ምላስ ነጻ አይደለም። ስለዚህ ውድድሩ ቁም ነገር ከተያዘበት ሌላ ሰው ከሲኒዎቹ ሥር ቁጥር ለጥፎ ቦታቸውን ያቀያይር። ሁለት ሻዮች በእርግጥ ይለያያሉ ወይ የሚለውን ለመፍታት ደግሞ ሦስት ሲኒ ይቅረብ፤ ሁለቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ሻይ፣ በአንዱ ሌላው፤ ቀማሹ የተለየውን ያውጣ። በግምት የመምታት ዕድሉ ከሦስት አንድ ስለሆነ አንድ ጊዜ ማግኘት ምንም አያስረዳም፤ ቦታቸው እየተቀያየረ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከለየ ግን በግምት ያንን የማድረግ ዕድሉ ከ27 አንድ ብቻ ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ይህን ቢሞክር ብዙ የጸኑ አስተያየቶች ይናጋሉ፤ ከውጭ የመጣው ቆንጆ ቆርቆሮ ከሰፈር ሱቅ ፓኬት ጋር ሳይለይ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ወደ ምንጠጣው ሻይ

ንጹሑ ቅምሻ ካለቀ በኋላ ቅጠሎቹ በምንጠጣበት መልክ ቢፈተኑ ተገቢ ነው፤ ለብቻው ያሸነፈ ቅጠል በወተት ወይም በቅመም ሊሸነፍ ይችላልና። ለወተት ሻይ በየሲኒው እኩል ጥቂት ትኩስ ወተት ጠብ አድርጎ ቀለሙን ማየት ነው፤ ብርቱው ደማቅ የመዳብ ቀለም ይይዛል፣ ደካማው ወደ አመድማ ይነጣል። እዚህ ላይ ድቡልቡሎቹ የአገር ውስጥና የኬንያ ሻዮች አብዛኛውን ጊዜ ቀጫጭኖቹን የደጋ ሻዮች ይበልጣሉ። ለቅመም ሻይ ቀረፋው፣ ቅርንፉዱና ኮረሪማው በአንድ ዕቃ ለብቻው ይፍላና እኩል እየተለካ ለሁሉም ይጨመር፤ በየማንቆርቆሪያው ቅመም መወርወር ቀደም ሲል የተደከመበትን እኩልነት ያፈርሰዋል። በሻይ ቤቶች እንደሚደረገው ቅጠሉ እሳት ላይ ሲቆይ ማን እንደሚችለው ለማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ሻዩን በትንሽ እሳት እያፈላ በሦስተኛው፣ በአምስተኛውና በሰባተኛው ደቂቃ አንዳንድ ሲኒ ይቅዳ። ድቡልቡሉ በሦስተኛው ደቂቃ ያለውን ሁሉ አውጥቶ በሰባተኛው እያመረረ ይሄዳል፤ ሙሉው ቅጠል በአምስተኛው ገና እየከፈተ ነው። ኡሎንግና ፑኤርን ግን በዚህ መንገድ መፈተን ግፍ ነው፤ እነሱ 5 ግራም ያህል በ100 ሚሊ ሊትር፣ ለአጭር አጭር ጊዜ፣ በዚያው ቅጠል ላይ ደጋግሞ ውሃ እየተጨመረ ይቀመሳሉ፣ ማወዳደሪያውም ጣዕማቸው እስከ ስንተኛው ውሃ እንደሚዘልቅ ነው።

የተረፈው ቅጠል ብርሃን በማያስገባ፣ አየር በማያሳልፍ ቆርቆሮ፣ ስሙና የተከፈተበት ቀን ተጽፎበት፣ ከቅመም መደርደሪያና ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ። ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት በተለይ ክዳኑ በየቀኑ የሚከፈት ከሆነ እርጥበት ስለሚያስገባ አይመከርም። በወሩ ከነዚሁ ቅጠሎች ሁለቱን መልሶ መቅመስ፣ ማስታወሻውን ግን ከቅምሻው በኋላ መክፈት ይገባል።